ነጭ ክንፍ ያላት የእሳት ራትና ሁለቱ ተምቾች



ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ በዛሪማ ቆላ፣ ክረምት ሲገባ ማታ መብራት ላይ ብዙ የእሳት ራት ይረባረባል። አንዳንዷ ስታርፍ ቡላ መስላ ትታያለች። ክንፏን ስትዘረጋ ግን የታችኛው ነጭ ነው። እሷ የተምች እናት ልትሆን ትችላለችና ዝም ብላችሁ አትለፏት።

ቀን ቀን ጎመን ላይ የምትዞረው ነጭ ቢራቢሮ ሌላ ናት። ስታርፍ ክንፏን ወደ ላይ ትገጥማለች፣ የቀንዷም ጫፍ ድብልብል ነው። እሷ ጎመን እንጂ በቆሎ አትነካም። የተምች እናት ግን ክንፏን እንደ ቤት ጣራ አክናድታ ታርፋለች።

ተምች ሁለት ዓይነት ነው። ነባሩን አባቶቻችን ያውቁታል። መጤው ተምች የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ2008 ዓ.ም. ምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በየካቲት 2009 ዓ.ም. በአገራችን በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ክልሎች ተዛመተ።

የመጤው የታችኛው ክንፍ ጥርት ያለ ነጭ ነው። የነባሩም ነጣ ይላል፣ ግን ጥቋቁር ጅማት ይታይበታል። ይህን በኩራዝ ብርሃን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ትሉን እንመርምር።

የመጤውን ትል ራስ ተመልከቱ። የተማራችሁት ፊደል «ሰ» ተጽፎበት ታገኛላችሁ። ነባሩም ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት አይጠፋምና በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ወደ ጅራቱ ሂዱ። ከጫፉ ከፍ ብሎ አራት ጥቋቁር ነጥቦች እንደ መደብ አራት ማዕዘን ሠርተው ካያችሁ መጤው ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ነባሩ መንጋ ሆኖ በሣሩ፣ በጤፉ፣ በማሽላው ላይ ይዘምታል፤ ሩቅ ሆኖም ይታያል፣ ቦይ ቆፍሮ መንገዱን መቁረጥም ይቻላል። መጤው ግን ብዙውን ጊዜ አይዘምትም። በበቆሎው ጥቅልል ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። መንጋ እስኪመጣ የሚጠብቅ ገበሬ የሚያየው የተበሳሳ ቅጠልና እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ነው። ያኔ ትሉ አድጎ ጠልቋል፤ መድኃኒትም አይደርስበትም።

በማለዳ ማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ቁሙ፤ በየቦታው 20 አገዳ ፈትሹ። ጠጉር የለበሰ የእንቁላል ክምችት ቅጠል ላይ ካገኛችሁ በጣት ጨፍልቁት፤ በአንዱ ክምር ከመቶ በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ትሉንም ልቀሙ። ትሉ ከበዛ ለግብርና ባለሙያው ዛሬውኑ ንገሩ።

መወያያ፦ ከማሳችሁ አንድ ትል አምጡ። ስንት ነጥብ ቆጠራችሁ?