ይበቃል ወይስ አይበቃም?

ጓደኞቼ፣ ፈተና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሽምደዳ ነው። በአገራችንም ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንግድ አመራር ድህረ ምረቃ የሚሰጠው ጂማት ግን የሚመዝነው አስተሳሰብን ነው። ዛሬ ሦስት ክፍል አለው፦ ስሌት፣ ንባብና መረጃ መመርመር፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ።

ምሳሌ እንይ። ላፍቶ ገበያ አንዲት እናት ድንችና ሽንኩርት በድምሩ 30 ኪሎ ሸጡ። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ነው?
ሀ. ድንቹ ከሽንኩርቱ ይበልጣል።
ለ. ድንቹ የሽንኩርቱ እጥፍ ነው።

«ሀ» ብቻውን አይበቃም፤ ድንቹ 16ም 29ም ኪሎ ሊሆን ይችላል። «ለ» ብቻውን ይበቃል፤ ሽንኩርቱ 10 ኪሎ ነው። ተፈላጊው መልስ ግን 10 ሳይሆን «ለ ብቻውን ይበቃል» የሚለው ነው።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ማካፈል ጀመርኩ፤ የለመድኩት እሱን ነዋ! ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪዎቻችን እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት «የተሰጠን ይበቃል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው።