ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች

በታሪክ ትምህርት ስለ ሐረር ንግድ ስንማር «መሐመድ አሊ ኩባንያ» የሚለው ስም ደጋግሞ ሲነሣ ሰማሁና፣ ስለ ባለቤቶቹ ለአንባብያን ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ሰዎቹ ቦህራ ይባላሉ። አገራቸው በምዕራብ ህንድ ያለው ጉጃራት ነው፤ ስማቸውም «መነገድ» ከሚለው የጉጃራት ቃል እንደ ወጣ ይነገራል። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ቋንቋቸው ጉጃራትኛ ሲሆን የሚጽፉት ግን በዐረብ ፊደል ነው፤ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው።

ኩባንያው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሐረር፣ ኋላም በአዲስ አበባ ይነግድ ነበር። አቡጀዲ ያስመጣል፤ ቡና፣ ቆዳና ሰም ወደ ውጭ ይልካል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ዕቃው ሁሉ በረሓውን የሚያቋርጠው በግመል ነበረ። እንግዲህ ገንዘቡን በጭነት ላይ አውጥቶ ለወራት መታገሥ የማይችል ነጋዴ እንዴት ይዘልቃል?

ፋሺስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ ግን ባለቤቶቹ የእንግሊዝ ተገዢዎች ስለ ነበሩ ተጠረጠሩ። በ1929 ዓ.ም. ኩባንያው ሱቆቹን ዘግቶ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ነገሩም በሎንዶን ምክር ቤት ጥያቄ አስነሣ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጥርጣሬው ይልቅ ያስወጣቸው ገበያው ለኢጣልያ ነጋዴዎች መፈለጉ ነው።