የተወለዱበትን ከተማ ቤተ መዘክር ስለ መጐብኘት

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ሁሉን አስተውሎ ያያል፤ በተወለደበት ከተማ ያለውን ግን ዘወትር በአጠገቡ ስለሚያልፍ ሳያየው ይኖራል። በደጁ ያለውን ግንብ ማን እንዳሠራው፥ በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፌት ለምን እንደ ተሰቀለ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያጣል። የከተማ ቤተ መዘክር ጥቅሙ ይህን ማስተዋል መመለስ ነው። ነገር ግን በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ በራሱ አይናገርም፤ የሚያናግረው የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ተማሮችን ለጕብኝት የሚወስድ መምህር የአገር ሽማግሎችን ረዳት ማድረግ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር የሐረር ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ጀጎል የሚባለውን ቅጥሯን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይተረካል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ሲሆኑ እያንዳንዱ በር በአማርኛ አንድ፥ በሐረሪ ቋንቋ ሌላ ስም አለው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ጀጎል በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በመዝገቡም 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብርና የጸሎት ስፍራዎች እንዳሉባት ተመለከተ።

የዚህችው ከተማ ተወላጅ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የአባቶቻቸውን ታሪክ ለማወቅ ከመፈለጋቸው የተነሣ ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። አስቀድሞ ስብስባቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ለሰው ያሳዩ ነበር፤ በኋላም በ2000 ዓ.ም. ግድም የክልሉ መንግሥት በቅጥሩ ውስጥ ያለውን አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ለቤተ መዘክርነት ሰጣቸው። በዚያም የብራና ያህል የከበሩ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፥ የቀድሞ ገንዘብ፥ የጦር መሣሪያ፥ ጌጣጌጥ፥ ስፌትና ተቀድተው የቀሩ የጥንት ዘፈኖች ተከማችተዋል። ያረጁትን መጻሕፍት መጠገንና መጠረዝም የሥራው ክፍል ሆነ።

ተማሪው ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማየት ቢሮጥ ምንም ይዞ አይመለስም፤ ጥቂቱን አስተውሎ ማየት ይሻላል። አንዲት ትንሽ ገንዘብ ብቻ ብንወስድ፥ የሐረር አሚሮች በገዛ ከተማቸው ገንዘብ ያሠሩ ስለ ነበር፥ ከተማዪቱ ራሷን ታስተዳድር እንደ ነበረች ታስረዳለች። ከዚያም ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. እንደ ያዟት፥ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ እንደ ገቡባት ወደ መጠየቅ ታደርሳለች። ይህን ታሪክ ሁሉ ቤተ ሰብ በአንድ ዓይነት አይተርከውም። መምህሩም የአንዱን ወገን ሰምቶ የሌላውን መተው አይገባውም፤ ልጆቹ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ማመዛዘንን እንዲማሩ ያደርጋል።

ስፌቱም እንዲሁ ነው። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ በሥርዓት ተደርድሮ የሚታየውን ስፌት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የቀለሙንና የጥለቱንም ምስጢር የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ሽማግሎች ሲጠሩ እናቶችና አሮጊቶች ሊዘነጉ አይገባም።

የጕብኝቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ቢሆን ይጠቅማል። ከጕብኝቱ አስቀድሞ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን አንድ አሮጌ ዕቃ መርጦ ስሙንና ሥራውን ከቤተ ሰቡ ይጠይቅ። በቤተ መዘክሩ ውስጥ ያንን የሚመስለውን ዕቃ ይፈልግ፤ ከምን እንደ ተሠራ፥ የቱ ላይ እንዳረጀ፥ የተጠገነ እንደ ሆነም ይመልከት። ሲመለስ ያየውን ለአንድ ሽማግሌ ይንገር፤ ሽማግሌው የሚጨምሩለትንም ከነስማቸውና ከነቀኑ በደብተሩ ይጻፍ።

ቤተ መዘክር በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትም ይህ ሥራ አይቀርም፤ የቤቱ ሞፈርና ቀንበር፥ የወፍጮው ድንጋይ፥ የአያት ጋሻ ለትምህርት ይበቃል። ነገር ግን ተማሪው ዕቃውን ከባለቤቱ ወስዶ ለትምህርት ቤት እንዲሰጥ ማስገደድ አይገባም፤ ሥዕሉንና ታሪኩን ጽፎ ዕቃውን በስፍራው መተው ነው። ወላጆችም የዕቃውን ታሪክ ሲያውቁ ለመንገደኛ ነጋዴ በርካሽ ከመሸጥ ይቈጠባሉ።

ዕቃው ቢቀር እንኳ ታሪኩ ከጠፋ፥ የማን እንደ ነበረና ለምን እንደ ተሠራ የሚነግር አይገኝም። ዛሬ የሚያውቁት ሽማግሎች ዘመናቸው እየገፋ ነው፤ ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደ ተባለ፥ መምህራን ጥያቄውን፥ ሽማግሎችም መልሱን ለነገ ሊያቈዩት አይገባም።