ስልክ ለያዙ ተማሪዎቻችን ምን እናስተምር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ፣ ከጸሎት በኋላ እኅቶቻችን ነጠላቸውን ለብሰው ዳቦ ሲቆርሱ ፎቶ አንሥቶ በቲክቶክ ለጠፈው። ክፋት አልነበረበትም፤ ደስ ብሎት ነው። በፎቶው ላይ ግን የአል-ባላድ አሮጌ ቤቶች የሚታወቁበት የእንጨት መስኮት፣ ሮሻን የሚሉት፣ ጎልቶ ይታያል፤ በመስኮቱም በኩል ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ስም በዐረብኛ ይነበባል። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። ከእኅቶቹም አንዷ ዓርብ የት እንደምትውል ለአሠሪዎቿ ያልተናገረች ነበረች። ልጁ በነገርነው ጊዜ ወዲያው አጠፋው፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች አስቀድመው ለሌላ አጋርተውት ነበር።

ልንቆጣው ቸኩለን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ውዳሴ ማርያም አስተምረነዋል፣ መዝሙር አስተምረነዋል፣ ስለ ስልክ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርነውም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለአስተማሪዎችና ለወላጆችም ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጅዳ ውስጥ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአንድ ግለሰብ ቤት ለጸሎት ተሰብስበው ሳሉ ታስረዋል፤ ወንድና ሴት አብራችሁ ተገኝታችኋል የሚል ክስ ቀረበባቸው፣ ከወራት እስር በኋላም በ2012 ወደ ሀገር ተመለሱ። ምክንያቱ ስልክ ነበር አንልም። ዛሬ ግን እንዲህ ያለውን ቤት ለማወቅ አንድ ፎቶ ይበቃል።

የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ነው። በቴሌግራም ቻናል እና ግሩፕ አንድ አይደሉም። በቻናል ያላችሁ እርስ በርሳችሁ አትተያዩም፤ በግሩፕ ግን የአባላቱ ዝርዝር ለሌሎች ይታያል። ይህን አገልግሎት በቻናል ያደረግነው ስለዚህ ነው። ብዙዎች ቴሌግራም ሁሉ የተቆለፈ ይመስላቸዋል። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው ግን «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው፤ የግሩፕ ጽሑፍ እንዲህ አይደለም። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክትን ሁሉ እንዲህ ይቆልፋል፤ ሆኖም የተቀበለው ሰው ፎቶ አንሥቶ ቢያሳየው መቆለፊያው ምን ይጠቅማል?

ርቀትን በመልእክት ማሸነፍ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች ጽፏል። ሐሰተኛ መልእክትም አዲስ አይደለም። በሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2 በሐዋርያት ስም የሚመጣ ደብዳቤ ምእመናንን እንዳያናውጣቸው ያስጠነቅቃል፤ በዚያው መልእክት መጨረሻም ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈ፣ ይህም የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። ተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የላኪው የእጅ ጽሕፈት የቱ ነው? (የፌስቡክ ሰማያዊ ምልክት እንደሆነ ዛሬ በወር ክፍያ ይገዛል።)

በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው። ቅኔውን ከማን እንደ ተቀበለ፣ መምህሩ ደግሞ ከማን እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ቆብ ደፍቶ የሚሰብከውን፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብሎ በግል ስሙ የባንክ ቁጥር የሚያወጣውን ማን ጠየቀው? ሰበካ ጉባኤው ያውቀዋል ወይ? ሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ሰጥቶታል ወይ? ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ነው ወይ? እኅቶቻችን በሰው ቤት ፎቅ ጠርገው ያገኙትን ሪያል በስሜት እንዲሰጡ የሚደረገው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ለእናቶቻቸው መጠየቅን ያስተምሩ።

«ይህን ለ12 ሰው ብትልኩ ድንግል ማርያም ታምር ታደርግላችኋለች፣ ባትልኩ ግን...» የሚለውንም እናውቀዋለን። እመቤታችን በዛቻ አትለመንም። ዋትስአፕ ላይ ከመልእክቱ በላይ ሁለት ቀስት ካያችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው ማለት ነው፤ መነሻውን ላኪው ራሱ አያውቀውም።

አሁን ዋናውን እንናገር። ስልክ ይደወላል፤ ደዋዩ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ «እኅቴ» የሚል ነው። ኢቃማሽ ሊታገድ ነው፣ ወይም ሽልማት ደርሶሻል ይልና «አሁን የገባልሽን ቁጥር አንብቢልኝ» ይላል። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው። የዋትስአፕ ከሆነ በስምሽ ከዘመዶችሽ ብር ይለምኑበታል፤ የአብሸር ከሆነ በስምሽ ጉዳይ ያስፈጽሙበታል። ናፋዝ ሁለት አኃዝ አሳይቶ ምረጪ ሲልሽ፣ አንቺ ያልጀመርሽው ጉዳይ ከሆነ አትምረጪ። ቁጥሩን ለቄስም፣ ለእኛም፣ ለማንም አትንገሩ። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ይረዱታል፤ ዐረብኛውን የሚያነቡልን እነርሱ ናቸውና ለእናቶቻቸው ጠባቂ እናድርጋቸው።

በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች ደግሞ የአሠሪን ቤትና ልጆች በቪዲዮ አታሳዩ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የዚህ ሀገር የሳይበር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 3፣ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና መጋፋት እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ያስከትላል። የሕዝብን ሥርዓትና ሃይማኖታዊ እሴትን የሚነካ ነገር ማሰራጨት ደግሞ በአንቀጽ 6 እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 3,000,000 ሪያል ያደርሳል። በእምነት ክርክር ገብተው አስተያየት የሚጽፉ ወጣቶቻችን ይህን ይወቁ። በኮሜንት ተሰድቦ ያመነ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም።

ይህን ሁሉ ስንል ስልክን ጣሉት ማለታችን አይደለም። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በጂዛንና በመካ አቅራቢያ ባለው በሹሜይሲ ታስረው የነበሩ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ሁኔታ ዓለም ያየው እነርሱ ራሳቸው ደብቀው በላኳቸው ፎቶዎች ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር 14 ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደርጎ ቤተ ክርስቲያን በተናወጠች ጊዜ፣ በጾመ ነነዌ ጥቁር እንድንለብስ የተላለፈው ጥሪ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየስደቱ ምድር የደረሰን በስልክ ነው። በዚያ ሰሞን የሐሰት ወሬም እንደ ጎርፍ ነበር፤ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን የሲኖዶስ መግለጫ የጠበቀ ተረፈ፣ የቸኮለ ግን ያልሆነውን አሰራጨ። ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በሀገር ቤት አምስት ወር ያህል ተገደቡ። ልጇን ሀገር ቤት ትታ በቴሌግራም በድምፅ መልእክት አቡነ ዘበሰማያት የምታስጠናው እናት መንገዷ ተዘጋባት። ስለዚህ የዘመድን ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ ልጁም በቃሉ ይያዘው።

በጽሑፍ የማይነገርም አለ። ዮሐንስ ሐዋርያ በሁለተኛ መልእክቱ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው፣ በወረቀትና በቀለም ከማድረግ ይልቅ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደ ተመኘ ይናገራል። ኃጢአታችሁን በድምፅ ቀድታችሁ አትላኩ፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር በምን መንገድ እንደምትነጋገሩ እርሳቸውን ጠይቁ። የባልና የሚስት ጠብም በግሩፕ አይፈታም፤ ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 18 የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው አድርገህ ምከረው ብሎ ያስተማረው ይህን ነው።

ለሚመጣው ዓርብ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ይምጡ፤ ወላጆችም እንዲሁ። አብረን በቴሌግራም ሁለተኛውን የይለፍ ቃል እናበጃለን፣ ስልክ ቁጥራችን ለማንም እንዳይታይ እናደርጋለን፣ ካሜራው ቦታ እንዳይመዘግብ እናጠፋዋለን። የይለፍ ቃላችሁን በደብተር ጽፋችሁ አምጡ፣ ለእኛ ግን አታሳዩን። ቦታውን እንደ ወትሮው በቃል እንነጋገራለን፤ እዚህ አንጽፈውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር