የመድኃኒት ቅሪት ምርመራ፦ ናሙናው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላክ የበግ ሥጋ አገር ውስጥ ተመርምሮ ቢያልፍም፣ መዳረሻው ላይ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ኪሳራው የነጋዴው ነው። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የናሙና አዘገጃጀት ነው።

ለምሳሌ ኦክሲቴትራሳይክሊንን እንውሰድ። በኮዴክስ መስፈርት በ1 ኪሎ የበግ ሥጋ ውስጥ ከ200 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ይህም በ5,000 ኪሎ ሥጋ ውስጥ 1 ግራም እንደማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት መጠን ለመለካት ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ያገለግላል።

ማሽኑ ግን ሥጋን እንዳለ አይቀበልም። ስብና ፕሮቲን አብረው ከገቡ የመድኃኒቱን ምልክት ያደበዝዛሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሥጋው መለየት አለበት። ችግሩ መድኃኒቱ እንደ ካልሲየም ካሉ ማዕድናትና ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ መሆኑ ነው። በጠንካራ አሲድ ወይም በሙቀት ለማላቀቅ ከተሞከረ መድኃኒቱ ራሱ ይበላሻል፤ ማሽኑም ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

ጥንቃቄ ያለው አሠራር የሚከተለው ነው፦

1. ሥጋው እንደቀዘቀዘ ይፈጫል።
2. ለስላሳ አሲድነት ባለው ውሕድ ይናጣል። በውሕዱ ያለው ኢዲቲኤ ማዕድኑን ይይዝና መድኃኒቱን ይለቃል።
3. በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ዝቃጩ ከታች ይቀራል።
4. ጥሩው ፈሳሽ በትንሽ ማጣሪያ ቱቦ ያልፋል። መድኃኒቱ ቱቦው ላይ ይቀራል፣ በውኃ ይታጠባል፣ በመጨረሻም በሜታኖል ይለቀቃል።

ነጋዴው ላቦራቶሪውን ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ናሙናው እስኪመረመር ድረስ በረዶ ሆኖ፣ ከብርሃንም ተጠብቆ ቆይቷል? ሁለተኛ፣ የታወቀ መጠን መድኃኒት የተጨመረበት ንጹሕ ሥጋ አብሮ ተመርምሯል? ከተጨመረው ምን ያህሉ ተመልሶ ተገኘ? ለዚህ መልስ የሌለው ላቦራቶሪ የሚሰጠው ዝቅተኛ ቁጥር ዋስትና አይሆንም።

ሆኖም ጥሩ ምርመራ ቅሪትን ያሳያል እንጂ አያጠፋም። ከቦረናም ሆነ ከሌላ ገበያ እንስሳ ሲገዛ በምን መድኃኒትና መቼ እንደተወጋ ሻጩን ጠይቆ መመዝገብ፣ በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍም ለእርድ አለማቅረብ ከሁሉ ያነሰ ወጪ ያለው መከላከያ ነው።