የብስክሌት ካቮና ሙሉ ሽፋኑ

ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ይበዛባታል። የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጫምባላላን በሚያከብርበት በጉዱማሌ፣ በሐይቁ ዳር፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ አይታጣም። በዚያ የሚመላለስ የማውንቴን ብስክሌት ማርሹ እየዋለ እያደረ ይከብዳል። መድኃኒቱ ካቮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን መሸፈን ነው ይባላል። ይህ መቼ ትክክል እንደሚሆን ለማወቅ በቅድሚያ የሦስት ቃላትን ትርጉም እንወስን።

ካቮ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ፣ ከመሪው ተነስቶ ማርሹን ወይም ፍሬኑን የሚስብ ገመድ ነው። ሽፋን ካቮው በውስጡ የሚንሸራተትበት ቱቦ ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ለማርሽ 4፣ ለፍሬን 5 ሚሊ ሜትር ነው። መደገፊያ ደግሞ በቴላዮው፣ ማለትም በብስክሌቱ አጽም ላይ የተበየደች ትንሽ ጆሮ ናት። ቀዳዳዋ በአንድ ወገን ሽፋኑን ለመቀበል ሰፊ፣ በሌላው ወገን ካቮውን ብቻ ለማሳለፍ ጠባብ ነው።

ብዙዎች ሽፋኑ ካቮውን ከዝናብ የሚያስጠልል ልብስ ብቻ ይመስላቸዋል። ሥራው ግን ከዚያ ይበልጣል። ካቮው በሚስብበት ኃይል ልክ ሽፋኑ ወደ ተቃራኒው ይገፋል። የሽፋኑን ጫፍ ከመደገፊያው አውጥታችሁ ፍሬኑን ብትይዙ ሽፋኑ ይጎብጣል፣ ፍሬኑ ግን አይይዝም። እንግዲህ ካቮ ይስባል፣ ሽፋን ይገፋል፣ መደገፊያም ግፊቱን ይቀበላል። ይህን ከያዝን ወደ ሁለቱ አዘረጋጎች እንለፍ።

በተቆራረጠው አዘረጋግ ሽፋኑ መደገፊያው ላይ ይቆምና ካቮው ራቁቱን አልፎ እንደገና ይሸፈናል። ሽፋኑ ሁለት ቁራጭ ከሆነ አራት አፍ አለው፤ በእያንዳንዱ አፍ አቧራ ይገባል። ካቮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍነው ሙሉው አዘረጋግ ግን ሁለት አፍ ብቻ አለው። ጥቅሙ ይኸው ነው። ዋጋም አለው፤ ረጅም ሽፋን ሰበቃን ይጨምራል፣ በኃይል ሲገፋም በመጠኑ ይታመቃል፤ ስለዚህ የፍሬኑ እጀታ ይለሰልሳል። እኔ ለማርሹ ሙሉ ሽፋን እመርጣለሁ፤ ካቮ ያለው የኋላ ፍሬን ግን እንደነበረ ቢቀር ይሻላል።

ሙሉው ሽፋን በመደገፊያዋ ጠባብ ወገን ስለማያልፍ፣ አሁን ቴላዮውን ስለ ማሻሻል እንነጋገር። የመደገፊያዋን ጠባብ ወገን በድሪል ማስፋት ይቻላል፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ሽፋን 4.5 የሆነ ፑንታ ይበቃል። ፑንታው የቴላዮውን ቧንቧ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ግድግዳው ስስ ነው። የሰፋችው መደገፊያ ከእንግዲህ የተቆራረጠ ሽፋን አትይዝም፤ በአሉሚኒየም ላይ እንደገና መበየድም ቧንቧውን ያደክማል። ቴላዮው ብረት ከሆነ የተላጠውን ቦታ ቀለም ቀቡት፤ አለዚያ ይዝጋል። ሳይበሱ መሥራትም ይቻላል፤ ሽፋኑን በመደገፊያዋ ጎን አሳልፎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር። ማሰሪያው ሽፋኑን ይያዘው እንጂ አያጨናንቀው። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ድሪል አያስፈልግም።

አንድ ልዩነት ይቀራል። በፍሬን ሽፋን ውስጥ ያለው ብረት የተጠመዘዘ ነው፤ በዘመናዊው የማርሽ ሽፋን ውስጥ ግን ሽቦዎቹ በርዝመቱ የተዘረጉ ናቸው። ይህኛው በጠንካራ የፍሬን ግፊት ሊፈነዳ ስለሚችል ለፍሬን አይውልም።

ሥራው ሲያልቅ የኋላውን ጎማ አንሥታችሁ ፔዳሉን እያዞራችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት። ማርሹ በራሱ ከተቀየረ ሽፋኑ አጥሯልና ረዘም ባለ ተኩት።