ስለ ራጅ አንሺዎች ትምህርት

ራጅ የሚባለው ጨረር ሥጋን ዐልፎ አጥንትን እንደሚያሳይ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቃል። በሽተኛው በሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ ትንፋሽህን ያዝ ይባላል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ በማይሞላ ጊዜ ሥራው ይፈጸማል። ስለዚህ ብዙ ሰው ራጅ ማንሣት ቍልፍ ከመጫን በቀር ሌላ ዕውቀት የማያሻው ሥራ ይመስለዋል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን የታወቀውን የራጅ አንሺነት ምስክር ወረቀት ለመቀበል የሚሻ ተማሪ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል በኮሌጅና በሐኪም ቤት ይሠለጥናል፤ ከዚያም ይፈተናል። ለአንድ ቅጽበት ሥራ ይህን ያህል ትምህርት ያስፈለገበትን ምክንያት ለመረዳት የጨረሩን ታሪክ ማወቅ ይገባል።

ጨረሩን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ያገኘውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ዓ.ም. በቩርዝቡርግ ከተማ ነው፤ ይኸውም ከዐድዋ ጦርነት አራት ወር ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። ጠባዩ ስላልታወቀ፥ በሒሳብ ያልታወቀው ቍጥር በሚጻፍበት ፊደል ኤክስ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የሚስቱን እጅ ቢያነሣ አጥንቷና የጣቷ ቀለበት ታየ።

ዓለም በዚህ ሲደነቅ ጨረሩ እንደሚጐዳ ያስተዋለው ጥቂት ነበር። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የመሣሪያውን ኀይል በገዛ እጁ ላይ እየሞከረ ብዙ ጊዜ ሠራ፤ ቈዳው ተቃጠለ፥ ክንዶቹ ተቈረጡ፥ በ1904 ዓ.ም.ም ሞተ። ኤዲሰንም ይህን አይቶ የራጅን ምርመራ ተወ። በዚሁ ሥራ የሞቱ ሐኪሞችና ረዳቶች ስማቸው የተቀረጸበት ሐውልት በ1936 ዓ.ም. በሃምቡርግ ከተማ ቆሟል። የዛሬው ተማሪ ስለ ጥንቃቄ የሚማረው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ ሰዎች ጉዳት የተገኘ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከፊዚክስና ከአካል ጥናት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ከጋለ ሽቦ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በብዙ ሺህ ቮልት ተገፍተው ተንግስተን የሚባለውን ማዕድን ይመታሉ። ከኀይላቸው ጨረር የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። የቮልቱን መጠን የሚመርጠው ራጅ አንሺው ነው፤ ለእጅ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሺህ ይበቃል፥ ለአዋቂ ሰው ደረት ግን ከ100 ሺህ በላይ ይሰጣል። የርቀትም ሕግ አለ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረሩ ብርታት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ከዘጠኝ አንድ እጅ ይቀራል። ይህን መምህር በገጠር ትምህርት ቤትም ሊያሳይ ይችላል፤ በጨለማ ክፍል ከትንሽ ኩራዝ አንድ ክንድ ርቆ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ወረቀት ቢያቆም፥ ከኩራዙ ሁለት ክንድ በራቀው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የቀዳዳውን አራት እጥፍ ስፋት ይሸፍናል። ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ስለ ተበተነ ይደክማል።

ከዚህ የሚከብደው በሽተኛውን ማስቀመጥ ነው። የተሰበረ ክንድ ከፊት ሲያዩት ደኅና መስሎ፥ ከጐን ሲያዩት ስብራቱ ሊገለጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከሁለት አቅጣጫ ይነሣል። ለደረት ትከሻው ወደ ፊት ካልተመለሰ የትከሻው አጥንት ሳንባውን ይጋርዳል። ቀኝና ግራን የሚለይ የእርሳስ ምልክት በስሕተት የተቀመጠ እንደ ሆነ ሐኪሙ ደኅናውን ጐን ወደ መቅደድ ሊደርስ ይችላል። ሥዕሉ ተበላሽቶ ቢደገም ደግሞ በሽተኛው ያለ ጥቅም ሁለተኛ ጨረር ይቀበላል። እንግዲህ ሁለቱ ዓመት በአንድ ጊዜ ደኅና አድርጎ ለማንሣት የሚማሩበት ነው ማለት ይቻላል። ሴትን ነፍሰ ጡር መሆኗን ከሰው ለይቶ በአክብሮት መጠየቅ፥ የሚፈራገጥ ሕፃን ሲኖር ወላጁን የእርሳስ ሽርጥ አልብሶ ማስያዝ፥ ራሱም ከግድግዳው ኋላ መቆም ከዚሁ ትምህርት ይቈጠራል።

ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው በ1922 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሜሪካ የራጅ ባለሙያዎች መዝገብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ የሌለውን አይፈትንም። ውጤት የሚታሰብባቸው ጥያቄዎች 200 ናቸው፤ ማለፊያውም 75 ነው። ይህ 75 ግን ከመቶ የተመለሰ ጥያቄ ማለት ሳይሆን እንደ ፈተናው ክብደት የሚስተካከል ነጥብ ነው፤ ፈተና አውጪ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ዘዴ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ እንደገና ይማራል። ያለፈውም በየሁለት ዓመቱ 24 ነጥብ የሚያስገኝ ተጨማሪ ትምህርት ይጠበቅበታል።

ይህን ሁሉ ተምሮም ራጅ አንሺው በሽተኛው ምን አየህ ብሎ ቢጠይቀው በሽታውን አይነግረውም፤ ሥዕሉን የሚያነበው ለዚህ የተማረው ሐኪም ነው። ሊመልሰው የሚገባው ሌላ ጥያቄ ግን አለ። ብዙ ሰው ራጅ ከተነሣ በኋላ ጨረሩ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር፥ ወደ ልጆቹም የሚጋባ ይመስለዋል። መሣሪያው ሲጠፋ ጨረሩ ያን ጊዜውኑ ያበቃል፤ ኩራዝ ከጠፋ በኋላ በግድግዳው ላይ ብርሃን እንደማይቀር፥ በተነሣውም ሰው በክፍሉም ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።